አውፍ ብለናል

ሬሳ አጠገብ ቆሞ «ገንዘቤን መልሱልኝ» የሚል ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? አታውቁም። እንዲህ ያለ ሰው እንዳይገኝ አድርጋችሁ ነው ደንቡን የጠበቃችሁት። ከሚሴ ውስጥ ሰው ሲቀበር፣ አፈሩ ከመመለሱ በፊት የሟች የበኩር ልጅ ይቆምና «አባቴ ላይ ሐቅ አለኝ የሚል ይናገር፤ የሌለው አውፍ ይበለው» ይላል። ይህ ድሮ እውነተኛ ጥያቄ ነበር። የሟች ነፍስ በዕዳ ታስራ እንዳትቀር፣ ልጅ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ የአባቱን ዕዳ በሰው ፊት የሚረከብበት ጥያቄ ነበር። ዛሬ ግን ልጁ ቃሉን ሳይጨርስ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ «አውፍ ብለናል!» ብሎ ያስተጋባል፤ ይቅር ብለናል ማለቱ ነው። ያበደረውም ያላበደረውም፣ የተቀማውም የቀማውም እኩል ይጮኻል። ከዚያ አፈሩ ይመለሳል፤ ዕዳውም ከሟቹ ጋር ይከደናል፤ ልጅየው አቧራውን አራግፎ ውርሱን ይዞ ይገባል።

ዘይና ይህን ጩኸት በጆሮዋ አልሰማችም፤ ሴት ቀብር አትወርድም። ጠዋቱን ሙሉ በሟቹ በእንድሪስ ጓሮ፣ የቅሬው፣ የሰፈሩ የቀብር ዕድር፣ ሴቶች ንፍሮ ከጣዱበት በርሜል አጠገብ ተቀምጣ ሽንኩርት ስትከትፍ ነበር። እሷ የሰማችው ወሬውን ነው። ወንዶቹ ከቀብር ተመልሰው ድንኳኑ ውስጥ ሲቀመጡ፣ ወንድና ሴቱን ከሚለየው ሸራ ማዶ አንድ ሽማግሌ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ወላሂ፣ ብዙ ጀናዛ ሸኝቻለሁ፤ እንደ እንድሪስ ያለ ግን አላየሁም። ሐቅ አለኝ ያለ አንድ ሰው የለም! የወንድሙ ልጅ፣ ያ ሲራጅ፣ ከሁሉ ቀድሞ ‹አውፍ ብያለሁ› ሲል አንጀቴን ነው የበላው» አለ። ሌሎቹ «አላህ ይማረው፣ አላህ ይማረው» እያሉ ተቀበሉት። የዘይና ቢላ ሽንኩርቱ መሀል ቆመ። ሲራጅ ባሏ ነው።

«ታድሎ! ሰው እንዲህ ነው መሞት» አለች ከጎኗ የተቀመጠችው ጎረቤቷ ረቢአ። ቀና ብላ የዘይናን ፊት ስታይ ደግሞ «ምነው፣ አስለቀሰሽ?»

«ሽንኩርቱ ነው።»

«የጨፋ ሽንኩርት ባልሽን አስለቅሶ አልጠገበ፣ አሁን ደግሞ አንቺን ጀመረሽ?» አለችና ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ አፈነችው፤ ለቅሶ ቤት ነዋ።

የረቢአ ቀልድ አገር የሚያውቀው ነው። ሲራጅ ከሦስት ዓመት በፊት፣ ገና እንደተጋቡ፣ ጨፋ ላይ መሬት ተከራይቶ ሽንኩርት ተክሎ ነበር። ዘሩን፣ ማዳበሪያውንና የውኃ መሳቢያ ሞተሩን በዱቤ የሰጠው በሽር የሚባለው የከተማው ነጋዴ ነው። ሽንኩርቱ አምሮ፣ ሊነቀል ሳምንት ሲቀረው ቦርከና ሞልቶ ወጣና ማሳውን አለበሰው። ወንዝ ሲመለስ ሽንኩርት አይመልስም፤ ዕዳው ብቻ ደረቅ ላይ ተገኘ። በሽር ወለድ አይበላም፤ ሐጂ ነው። ይልቅ ዋጋውን ሲጽፍ ገና ከጅምሩ እጥፍ ያህል አድርጎ ይጽፋል፤ እሱ ንግድ ይባላል። ባልና ሚስቱ ያኔ ቃል ተገባቡ፦ ይህ ዕዳ ሳያልቅ በቤታችን ምንም አይገዛም። ሲራጅ የሰው ባጃጅ ይነዳል፤ የራሱን ባጃጅ መግዛት የሁለቱም ሕልም ነው። ግን መጀመሪያ ከዕዳ መውጣት፣ ከዚያ ባጃጅ፣ ከዚያ አልጋ። ከመናኸሪያው ጀርባ በተከራዩአት አንዲት ክፍል ፍራሹ መሬት ላይ ነው፤ ልብሱ ካርቶን ውስጥ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ከጎረቤት ወንበር ይለመናል። ሌላው ሰው ቴሌቪዥንና ቁም ሳጥን በዱቤ ሲያስገባ እነሱ ዘይት በብርጭቆ ይገዙ ነበር። «የኛ ቤት የገባ ዕቃ ዕዳ ብቻ ነው» ትላለች ዘይና፣ የሚያሾፉባትን ለመቅደም። እነሱ ዕዳቸውን እያነከሱ ሲከተሉት የባጃጅ ዋጋ ደግሞ በአስፋልቱ ይሮጥ ነበር፤ ሲጀምሩ ቆጥበው የሚደርሱበት ነበር፣ አሁን ግማሽ ሚሊዮንን አልፎ ሄዷል። ቢሆንም አላቆሙም። ቆጥቡ፣ ትጉ፣ ዕዳ አታብዙ እያላችሁ በየሬዲዮው የምትመክሩን ሰዎች፣ እነዚህ ሁለቱ ምክራችሁን እስከ መጨረሻዋ ፊደል ፈጽመውታል። ውጤቱን እዩት።

ባለፈው ረመዳን የቀረችዋን የበሽር ዕዳ በአንዴ ለመዝጋት ዘይና ወርቋን ሸጠች። ወርቁ መህሯ ነው፤ ኒካሕ ሲታሰር ሲራጅ የሰጣት፣ የራሷ የብቻዋ ንብረት። ኮምቦልቻ ወርዳ መቶ ሰማንያ ሺህ ብር ይዛ ተመለሰች። ማታውኑ እንድሪስ መጣ። እንድሪስ የሲራጅ አባት ወንድም ነው፤ ሲራጅን ከሕፃንነቱ ያሳደገው፣ ኒካሑ ላይ ስለ እሱ ተጠሪ ሆኖ የቆመው፣ ያንን ወርቅ በገዛ እጁ ቆጥሮ ለዘይና ወገን ያስረከበው እሱ ነው። ለልጁ ለሙኽታር አይሱዙ የጭነት መኪና እየገዛ ነበርና ቅድመ ክፍያው ጎደለው። «ለሁለት ጁምዓ ብቻ» አለ፣ ፍራሹ ላይ እየተቀመጠ። ዘይና ገንዘቡን በሻሽ ጠቅልላ ሰጠችው፤ ስትሰጠው ግን «አቤራ፣ ይሄ መህሬ ነው» አለችው፤ አቤራ የአባት ወንድም የሚጠራበት ነው። «አማና ነው፣ ልጄ» አላት እንድሪስ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፤ አደራ ነው ማለቱ ነው። ምስክር የለም፣ ወረቀት የለም። በቁርኣን ውስጥ ከሁሉ የሚረዝመው አንቀጽ ስለ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ስለ ዕዳ ነው፤ ስትበዳደሩ ጻፉ፣ ምስክር አቁሙ ይላል። ከሚሴ ውስጥ ይህን አንቀጽ በሚያምር ዜማ የሚቀራ ልጅ በየመድረሳው ሞልቷል። ነገር ግን አንዲት ምራት የባሏን አጎት «ይጻፍልኝ» ብትለው፣ የቀራው ሁሉ ተነሥቶ ባለጌ ይላታል። ሁለቱ ጁምዓ አለፈ፤ ሌሎች ጁምዓዎችም አለፉ። አይሱዙው መጣ፤ ግንባሩ ላይ «ማሻአላህ» ተጽፎበት ግቢው ውስጥ ቆመ። ዘይናና ሲራጅ ለዒድ ሄደው ቆሎ እየቆረጠሙ መኪናውን ያዩታል፤ እንድሪስም እነሱን ያያል፤ ማንም ምንም አይልም። ዝምድና ማለት ይኸው ነው፦ ሁሉም የሚያውቀውን ነገር መሀል ላይ አስቀምጦ ስለ ዝናብ ማውራት። ትናንት ከሰዓት እንድሪስ ደረቴን እንዳለ ወደቀና ሞተ።

ዘይና ቢላውን ጣለችና ወጣች። ሲራጅን ከድንኳኑ አስጠርታ አይሱዙው ጀርባ፣ ጎማው ሥር፣ ሰው ከማያያቸው ቦታ አቆመችው። ዓይኑ አብጦ ነበር፤ እንድሪስን ይወደው ነበር፣ እሱ ሐሰት የለውም።

«ማል ጄቴ?» አለችው በኦሮምኛ፤ ሲጣሉ የሚጣሉት በእሱ ነው። ምን አልክ? ወዲያው በአማርኛ ደገመችለት። «ቀብሩ ላይ ምን አልክ?»

«ሁሉም ያለውን።»

«ሁሉም አላበደረውም።»

«ዘይኑ፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ ነኝ። ከፈኑን አያለሁ። ትንሽ ዘግይቼ ዝም ብል ሰው ሁሉ ዞሮ ያየኝ ነበር። አፌ ቀደመኝ።» ፊቱን በክንዱ ጠረገ። «ያሳደገኝን ሰው ነፍስ በዕዳ ላስቀራት?»

«የኔንስ? በቁሜ ያለችውን?»

ሲራጅ ጎማውን በእግሩ መታ መታ አደረገው። በሽርም ቀብር ላይ ነበር አላት። ሊያጽናናው እጁን ጨብጦ «አላህ ሰብር ይስጥህ» አለውና እጁን ሳይለቅ ቆየ፤ ሳይለቅም «እስከ ወሩ መጨረሻ ነው እንግዲህ፣ ወንድሜ» አለው። ከዚያ ወዲያ ወደ ፍርድ ቤት ነው፤ ሲራጅ ለዱቤው ፈርሞለታል። ሲራጅ ወደ መኪናው እያየ፣ ሰው የሚያሻግር አንድ ደላላ ሰኞ ከባቲ የሚነሡ ሰዎች አሉ እንዳለው ነገራት። ክፍያው እዚያ ሲደረስ ነው፤ ከባቲ ቁልቁል አፋርን አቋርጦ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ በጀልባ ወደ ዓረብ አገር። የረቢአ ልጅ በዚሁ መንገድ ሄዶ ድምፁ ከጠፋ ሁለት ክረምት አልፏል። ረቢአ ከዚያ ወዲህ ነው ነገር ሁሉ ላይ መሳቅ የጀመረችው።

ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ዘይና ብቻዋን ወደ ሼህ አደም ቤት ሄደች። ሼህ አደም የሰፈሩ መስጊድ አስተማሪ ናቸው፤ ኒካሕ የሚያስሩት፣ ውርስ የሚያካፍሉት እሳቸው ናቸው። በራፋቸው ላይ ለመድረሳው አጥር የተከመረ አሸዋ አለ፤ ልጆች ይንከባለሉበታል። ዕድሜያቸውና ዕውቀታቸው ትልቅ ነው፤ ነገሩን ሳያቋርጡ እስከ መጨረሻው ሰሟት፤ መቁጠሪያቸውንም አቆሙት። የፈለገችው መልስም ሳይውል ሳያድር መጣ።

«መህር የሴቷ ሐቅ ነው። አባቷ አይነካውም፣ ባሏ አይነካውም። ሲራጅ አውፍ ያለው ያንቺን ነው፤ የጎረቤቱን በሬ መርቆ እንደሰጠ ሰው ነው። አልሰጠም ማለት ነው። ዕዳው ከውርሱ ላይ ይነሣል፤ ከውርስ በፊት ዕዳ ነው።»

ዘይና ከጠዋት ጀምሮ በደንብ የተነፈሰችው ያኔ ነው። «እንግዲያው ዛሬ ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ ቅሬው ለዱዓ ሲሰበሰብ ይህንኑ ይንገሩልኝ፣ አንቱ» አለች።

ሼህ አደም መቁጠሪያውን እንደገና ጀመሩት። «ዛሬ? ሐዘን ላይ? ፊትና ይሆናል፣ ልጄ። ሰው ይከፋፈላል። ሰብር አድርጊ። ሐዘኑ ይብረድ፣ ሙኽታርን ቀስ ብዬ አናግረዋለሁ።»

«ሐዘኑ ሲበርድ ባሌ ባሕር ላይ ነው።»

«አላህ ያውቃል» አሉ ሼህ አደም። አላህ እንደሚያውቅማ ዘይናም አልተጠራጠረችም። የተጠራጠረችው ስትወጣ ነው፤ ያንን የአሸዋ ክምር ዞራ ስታልፍ። የመድረሳውን አሸዋ ከወንዝ በነፃ የሚያመላልሰው የማን መኪና እንደሆነ ሰፈሩ ያውቃል። ግንባሩ ላይ «ማሻአላህ» ተጽፎበታል። ሼህ አደም ጉቦ በሉ አይባልም፤ አልበሉም። ብቻ አንዳንድ እውነት አለ፣ ጓዳ ውስጥ ሲናገሩት የሚቀል፣ አጥር ሲታጠር የሚከብድ።

ሙኽታርን ያገኘችው መኪናው ውስጥ ነው፤ በሩን ከፍቶ፣ አንድ እግሩን አውርዶ፣ ስልኩን እዚያ ቻርጅ እያደረገ የሚያጽናኑትን ያናግራል። ክፉ ሰው አይመስልም፤ ክፉ ሰው ክፉ ቢመስል ኖሮ ሥራው ምንኛ በቀለለ። ሲያያት ከወንበሩ ወረደ፤ «ደከማችሁ እናንተም፣ ከትናንት ጀምሮ እግራችሁ ላይ ናችሁ» አላት።

«አያ ሙኽታር፣ አባትህ መህሬን ተበድሮኛል። ቅድመ ክፍያው የገባው በሱ ነው» አለችና የመኪናውን በር በዓይኗ አሳየችው።

አልደነገጠም፤ ያውቃል ማለት ነው። ዘይና ያንን አየችበት። «ዘይና፣ አባቴ መሬት ከገባ ገና አልመሸም» አለ ዝግ ብሎ።

«ለዚህ እኮ ነው የመጣሁት። ጉድጓዱ ላይ ጠይቀሃል። መልሱ ይኸው።»

«መልሱንማ ባልሽ ሰጠ። ከሁሉ ቀድሞ ሰጠ። ምድር ሰማይ ሰምቶታል።»

«የሱ አይደለም። የኔ ነው።»

«እሺ። ስትሰጪው ማን ነበር? ምስክር አለሽ?»

«አላህ አለ።»

«አላህማ አለ» አለ ሙኽታር፣ ስልኩን ከቻርጁ እየነቀለ። «ከሰውስ?»

ከሰው ሲራጅ አለ። ሲራጅ ግን አውፍ ብሏል። አንድ ሰው ጠዋት ምንም ዕዳ የለም ብሎ ከሰዓት ዕዳ አለ ብሎ ቢመሰክር ማን ይሰማዋል? እሱም ቢሆን አይመሰክርም፤ ዘይና ይህን እያወቀች ወደ ድንኳኑ አየችው። ሲራጅ ከወንዶቹ መሀል፣ ሽማግሌዎቹን እጅ እያስታጠበ ነበር፤ ጀርባው የተቀጣ ልጅ ጀርባ ይመስላል። ሰኞ መንገደኛ ነው። እዚህ አንድ ቃል ተናግሮ ሰው ዞሮ ከሚያየው፣ እዚያ ማንም ሳያየው ውኃ ቢበላው ይመርጣል። የኛ አገር ወንድ ድፍረት ይሄው ነው፦ ባሕር አይፈራም፣ ቅሬ ይፈራል።

የከሰዓቱ የአስር ሶላት ተሰግዶ ቅሬው ተሰበሰበ። ምንጣፉ ሞላ፣ ወንበሩ ሞላ፣ የተረፈው በአጥሩ ጥግ ቆመ። ሼህ አደም መሀል ተቀመጡ፤ በቀኛቸው ሙኽታር፣ ከሱ ቀጥሎ በሽር፣ በግራቸው የቅሬው ዳኛ፣ ማለት የቀብሩንም የለቅሶውንም ሥርዓት የሚመራው ሽማግሌ። ሼህ አደም ስለ ሟቹ ደግነት ተናገሩ፤ ከሰው ጋር ተፋቅሮ እንደኖረ፣ የማንንም ሐቅ ሳይሸከም እንደሄደ ሊናገሩ አፋቸውን ከፍተው እዚያች ላይ ሲደርሱ ግን ትንሽ ተደናቀፉና «አላህ ይቀበለው» ብለው አለፉት። ያቺን መደናቀፍ ከሸራው ማዶ አንድ ሰው ብቻ ሰማት።

ዘይና ሸራውን ገልጣ ገባች። መጀመሪያ ሰው የመሰለው ሳህን ልታነሣ እንደመጣች ነው። መሀል ስትደርስ ነው ዝም ያሉት።

«እንድሪስ ላይ ሐቅ አለኝ» አለች። ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ግን ይሰማል። «መህሬን ተበድሮኛል። አውፍ ያለው ባሌ ነው፣ እኔ አይደለሁም። እኔን የጠየቀኝ የለም፤ እኔ ሽንኩርት ስከትፍ ነበር።»

«ሱብሃነላህ!» አለ አንድ ሰው። «የማን ሚስት ናት?» አለ ሌላው፣ እያወቀ። ሲራጅ ማስታጠቢያውን እንደያዘ ተነሥቶ ክንዷን ያዛት፤ «ጨሊሲ፣ ዝም በዪ፣ አዋረድሽኝ» አላት በጥርሱ መሀል። ክንዷን አልነጠቀችውም፤ ብቻ አልተነቃነቀችም፤ እሱ ራሱ ለቀቃት። ሙኽታር መሬት መሬት አየ። በሽር ሙኽታርን አየ፤ ነጋዴ ነውና ገንዘቡ በየት በኩል እንዳለ ገባው። ከሸራው ሥር የሴቶቹ እግር ተደርድሮ ይታያል፤ ረቢአ ለመጀመሪያ ጊዜ አልሳቀችም።

የቅሬው ዳኛ የቆየ ሰው ነው፤ ነገር እንዴት እንደሚከደን ያውቃል። «አል-ፋቲሃ!» አለ ጮክ ብሎ። መዳፍ ሁሉ ተዘረጋ። ፋቲሃ ሲቀራ የሚናገር የለም፤ ከተቀራ በኋላ ደግሞ ተነሥቶ ጫማ መፈለግ ነው፣ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ስንት የተበዳይ ድምፅ በዚህች አገር በዱዓ እንደተዘጋ የጻፈ የለም። ዘይናም መዳፏን ዘረጋች። ከእነሱ ጋር ቀራች፤ ቃል አልዘለለችም። «አሚን» አሉ፣ ፊታቸውን አበሱ። «አሚን» አለች፣ ፊቷን አበሰች፣ ከቆመችበት ግን አልተንቀሳቀሰችም። ጫማ ሊፈልጉ የተነሡት ግማሽ ቆመው ግማሽ ጎንበስ ብለው ቀሩ፤ ልታልፋቸው መንገድ የለም፣ ሊያልፏትም አልደፈሩም።

«አንቱ፣ ሼህ አደም» አለች፤ አሁን ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። «ዙህር ላይ ለብቻዬ የነገሩኝን በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ይናገሩት። የሴት መህር የማን ነው? ባል አውፍ ሊለው ይችላል ወይስ አይችልም? ዱዓው አልቋል። ይመልሱ!»